ለፍሎረንስ አንድ ቀን ተኩል ይበቃል ወይ?

ባለፈው እትም «ጣሊያን ልትሄዱ ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ» ብዬ ነበር፤ ላካችሁ። የሚገርመው አብዛኛው ጥያቄ ስለ አንድ ከተማ ነው፤ ስለ ፍሎረንስ። ደግሞ ማንም ጊዜ የለውም። አንዷ አንድ ቀን ተኩል አላት፣ አንዱ ሁለት ቀን፣ ሌላው ጭራሽ ስድስት ሰዓት። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለጥድፊያ ተጓዦች ነው።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ጣሊያኖቹ ከተማዋን ፊሬንዜ ነው የሚሏት፤ ባቡር ጣቢያ ሰሌዳው ላይ የምታገኙትም ይሄንኑ ስለሆነ «ወደ ፍሎረንስ የሚሄድ ባቡር የለም» ብላችሁ እንዳትደናገጡ። ሌላው፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋጋና የመክፈቻ ሰዓት ይቀያየራል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የየሙዚየሙን ድረ ገጽ ገባ ብላችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ቦሎኛ እሄዳለሁ። ስብሰባው ሐሙስ ያልቃል። እናቴ አብራኝ ናት፤ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን «እዚህ ቁጭ ብዬ ልጠብቅሽ» የምትል ሴት አይደለችም። ፍሎረንስ ላይ ዓርብ ሙሉ ቀንና ቅዳሜ እስከ ምሳ አለን። ማየት የምንፈልገውን ስጽፍ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ሆነ። ምኑን ልቀንስ?

መልስ፦ አሥራ ዘጠኝ! አይዞሽ፣ እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሃያ ሁለት ይዤ ነበር። የደረስኩት ግን ሰኞ ነው። የከተማዋ ሁለት ዋና ሙዚየሞች፣ ኡፊዚም አካዴሚያም፣ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ይሄን ሳላጣራ ሄጄ የተዘጋ በር ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። የእናንተ ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ተርፋችኋል።

ወረቀቱን ቅደጂው። ለግማሽ ቀን አንድ ትልቅ ነገር፣ በቃ። ሦስት ግማሽ ቀን አላችሁ፣ ሦስት ትልልቅ ነገር ታያላችሁ። ቀሪውን መንገዱ ራሱ ያሳያችኋል፤ መሐል ከተማው ትንሽ ነው። ከባቡር ጣቢያው እስከ ዱዎሞ፣ ማለትም እስከ ካቴድራሉ፣ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ከዱዎሞ እስከ ፖንቴ ቬኪዮ ድልድይ ሌላ አሥር ደቂቃ። በእናትሽ እርምጃ ሃያ ሃያ አድርጊው። የሚያስቸግረው ርቀቱ ሳይሆን ንጣፉ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከዋሉበት ጤነኛም ጉልበት ማታ ላይ ይናገራል። ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ያድርጉ። ሆቴል ስትይዢም አሳንሰር እንዳለው ጠይቂ። መሐል ከተማ ያሉት ሕንጻዎች አሮጌ ናቸው፤ «ሁለተኛ ፎቅ» የሚሉሽ አንዳንዴ የስልሳ ደረጃ ጉዳይ ነው።

ዓርብ ጠዋት ኡፊዚ። የመጀመሪያውን ሰዓት ቡክ አድርጊ፤ 8:15፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ። ይሄን ለቀልድ አይደለም የምለው። አንድ ወዳጄን «ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገናኝ» ብዬው እሱ ምሳውን በልቶ ከሰዓት በኋላ መጣ። ትኬቱን ከሙዚየሙ ከራሱ ድረ ገጽ ግዢ። ወደ 25 ዩሮ ነው፤ ለማስያዣ 4 ዩሮ ይጨመርበታል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ የሙዚየሙ የሚመስሉ ሌሎች ሻጮች ቀድመው ይመጡብሻል። እኔ አንዴ ከእንደዚህ ዓይነቱ ገዝቼ እጥፍ ከፍያለሁ፤ ያገኘሁት ያንኑ ትኬት ነው።

ኡፊዚ ማለት «ቢሮዎች» ማለት ነው። በ1560 ኮዚሞ ቀዳማዊ የሚባለው፣ ከሜዲቺ ቤተሰብ የሆነው የከተማዋ ገዢ በአርክቴክቱ በጆርጆ ቫዛሪ ማሠራት የጀመረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። አሳንሰር አለ፣ ደረጃውን አትንኩት። ከላይኛው ፎቅ ጀምሩ። ሁሉንም ክፍል እናያለን ካላችሁ ግን በሦስተኛው ሰዓት ሥዕሉ ሁሉ አንድ ይሆንባችኋል።

መጀመሪያ አካባቢ ሦስት ግዙፍ የእመቤታችን ሥዕሎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰቅለዋል፤ የቺማቡዌ፣ የዱቾ እና የጆቶ። ሦስቱም ያው ናቸው፤ ማርያም ልጇን ታቅፋ ዙፋን ላይ፣ መላእክት በዙሪያዋ፣ ከኋላ ወርቅ። እናትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያዩት ነገር ስለሆነ ከአስጎብኚ በላይ ይገባቸዋል። አሁን የጆቶዋን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጉልበቷ በልብሷ ውስጥ ያስታውቃል። ሰውነቷ ክብደት አለው፤ ዙፋኑ ላይ የምር ተቀምጣለች። የሌሎቹ ሁለቱ ማርያሞች ተንሳፍፈው ነው ያሉት። በሥዕሎቹ መሐል ያለው ልዩነት ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ፍሎረንስ ውስጥ የተሣለው ሁሉ ከዚያች ጉልበት ነው የሚጀምረው፤ እናትሽም ስለ ጉልበት ማንም አይነግራቸውም።

ከዚያ ቦቲቼሊ። «የቬኑስ ልደት» እና «ፕሪማቬራ»። እዚያ ክፍል ሕዝቡ ይበዛል፤ ታገሱ፣ አንድ ቡድን ሲወጣ ትንሽ ክፍተት ይገኛል። ቀጥሎ የሊዮናርዶ «ብሥራት»፣ ከዚያ ማይክል አንጄሎ የሣላት ክቧ የቅድስት ቤተሰብ ሥዕል፣ ሲወርዱ የካራቫጆ ሜዱሳ፣ ያቺ ጸጉሯ እባብ የሆነው። ውጡ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ስትወጡ ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ ናችሁ፤ እዚያ ደግሞ ነጻ ሙዚየም አለ። ሎጃ ዴይ ላንዚ የሚባለው ቅስት ያለው ዳስ ውስጥ ቼሊኒ የሠራው የፔርሴዎስ የነሐስ ሐውልት ቆሟል፤ የተቆረጠ ራስ ይዞ። ከዚያ ወደ አደባባዩ መሐል ሄድ ብላችሁ መሬቱ ላይ ያለውን ክብ ድንጋይ ፈልጉ። ሳቮናሮላ የሚባለው ሰባኪ መነኩሴ ግንቦት 23 ቀን 1498 ተሰቅሎ የተቃጠለበት ቦታ ነው። ሰው ሳያየው ረግጦት ያልፋል።

ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ምክሬ የምር ነው፤ እናትሽ ሆቴል ገብተው አንድ ሰዓት ጋደም ይበሉ። ከሰዓት በኋላ ካቴድራሉ ውስጥ ለመግባት አትሰለፉ። መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ውስጡ ደግሞ ከውጪው ጋር ሲተያይ ባዶ ነው። ይልቅ ከካቴድራሉ ጀርባ ያለው የዱዎሞ ሙዚየም ይሻላችኋል። አሳንሰር አለው፣ ሰው አይበዛበትም። የመጥምቁ ዮሐንስ ቤት፣ ማለትም ካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው የማጥመቂያ ሕንጻ፣ የነሐስ በሮቹ ዋናዎቹ ያሉት እዚያ ነው፤ ውጪ የምታዩዋቸው ቅጂ ናቸው። ማይክል አንጄሎ በስተርጅና ጀምሮ በመዶሻ የሰባበራት ጌታ ከመስቀል ከወረደ በኋላ ያለውን ሐዘን የምታሳይ ሐውልትም አለች። ዶናቴሎ ከእንጨት የጠረባት መግደላዊት ማርያም ደግሞ አለች፤ ከስታ፣ ጥርሷ ረግፎ፣ በጸጉሯ ተሸፍና። እኔ እሷን ለማየት ብቻ ሁለቴ ተመልሻለሁ።

ማታ አመሻሽ ላይ በአውቶቡስ ወደ ፒያሳሌ ማይክል አንጄሎ ውጡ። ከተማው ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ይሆናል። ብዙ ሰው ይኖራል፣ ጊታር የሚመታ አይጠፋም፣ ምንም አይደል። ቅዳሜ ጠዋት አካዴሚያ ሄዳችሁ የማይክል አንጄሎን የዳዊት ሐውልት እዩ። ጉልበታቸው ከፈቀደ ከዚያ የሁለት ደቂቃ መንገድ የሚርቀውን የሳን ማርኮ ገዳም ጨምሩ፤ ፍራ አንጀሊኮ በየመነኩሴው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ሥዕል ሥሎበታል። ክፍሎቹ ያሉት ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃ አለው። ደረጃው ሲያልቅ ግን ፊት ለፊት የሚቀበላችሁ ብሥራቱ ነው።

ጥያቄ፦ የካቴድራሉ ጉልላት ላይ ልውጣ ወይስ የደወሉ ማማ ላይ? ጠባብ ቦታ ትንሽ ያስጨንቀኛል። ደግሞ ለጉልላቱ ትኬት ስፈልግ እኔ የምሄድባቸው ሁለት ቀኖች አልቀዋል ይለኛል።

መልስ፦ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቅህ ከሆነማ አልቋል ያለህ እግዜር ነው። ጉልላቱ 463 ደረጃ አለው፣ አሳንሰር የለውም፣ መሐል ላይ ሐሳብህን ቀይረህ ልመለስ ብትል ከኋላህ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። የደወሉ ማማ 414 ደረጃ ነው። እሱም ጠባብ ነው፣ ግን በየመሐሉ ሰፊ ማረፊያ አለው፤ ንፋስ እየወሰድክ ትወጣለህ። አንድ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ጉልላቱ ላይ ሆነህ ጉልላቱን አታየውም። ማማው ላይ ግን ፊት ለፊትህ ነው። ፎቶ የምትወድ ከሆነ ምርጫው ይሄው ነው።

ጉልላቱን የሚያካትተው ትኬት 30 ዩሮ ገደማ ነው፤ ለሦስት ቀን ያገለግላል። ማማውን ይዞ ጉልላቱን የማያካትተው ረከስ ይላል። ጉልላቱ ቀንና ሰዓት አስመርጦ ነው የሚያስገባህ፤ ካረፈድክ አለቀ።

ላለመውጣት ብትወስንም ግን ምን እንደሆነ አውቀህ እየው። ካቴድራሉ በ1296 ተጀመረ። ግድግዳው ሲያልቅ ከላይ 45 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ስምንት ማዕዘን ክፍት ቀረ፤ እንዴት እንደሚከደን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ቅስት ሲሠራ ከሥር በእንጨት ይደገፋል። ያን የሚያህል ነገር የሚደግፍ እንጨት ከየት ይመጣል? በ1418 ውድድር ወጣ። ሥራውን ያገኘው ብሩኔሌስኪ የሚባል በወርቅ አንጥረኝነት የሠለጠነ ሰው ነው። ሁለት ጉልላት ሠራ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ። ጡቡን እንደ ዓሣ አጥንት እያጠላለፈ፣ እያንዳንዱ ዙር ራሱን ችሎ እንዲቆም አደረገ። ከ1420 እስከ 1436 ፈጀ። ደረጃው የሚያልፈው በሁለቱ ጉልላቶች መሐል ነው፤ ለዚህ ነው የሚጠበው፤ ለዚህም ነው የሚወጡ ሰዎች ጡቡን በእጃቸው እየዳሰሱ የሚሄዱት። ብሩኔሌስኪ ከዚያ በፊት በ1401 የመጥምቁን ቤት በር ለመሥራት ተወዳድሮ በጊቤርቲ ተሸንፎ ነበር። ከበሩ ፊት ቆመህ ቀና ስትል የሁለቱን ፉክክር በአንድ ዓይን ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ የዳዊት ሐውልት ቅጂ አደባባይ ላይ በነጻ ቆሞ እያለ ለዋናው ተሰልፎ መክፈል ሞኝነት አይደለም? ባለቤቴና እኔ በዚህ ጉዳይ ተጣልተናል።

መልስ፦ የማን ወገን እንደሆኑ አልነገሩኝምና በድፍረት እናገራለሁ፤ ሞኝነት አይደለም። ሲኞሪያ አደባባይ ላይ ያለው ቅጂ ጥሩ ነው። ዋናው ከ1504 ጀምሮ የቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነበር፤ በ1873 ከዝናብና ከብርድ እንዲድን ተብሎ ወደ አካዴሚያ ተወሰደ። እና «ቦታውን ማየት» ለሚሉ ሰው አደባባዩ ይበልጣል።

ግን አካዴሚያ ውስጥ ወደ ዳዊት የሚወስደው መተላለፊያ አለ፤ ግራና ቀኙ ላይ ማይክል አንጄሎ ሳይጨርሳቸው የተዋቸው «እስረኞች» የሚባሉ ሐውልቶች ቆመዋል። አንዱ ራሱ ገና ድንጋይ ውስጥ ነው፣ አንዱ ክርኑን ብቻ አውጥቷል። የመሮው ጭረት ሁሉ ይታያል። እነሱን እያዩ ሄደው ነው ከዳዊት ጋር የሚገናኙት። 5 ሜትር ከ17 ነው። ሌሎች ቀራጮች ጀምረው ትተውት ለብዙ ዓመታት ውጪ የተጣለ እብነ በረድ ነበር፤ ማይክል አንጄሎ በ26 ዓመቱ ተረክቦት በ1504 ጨረሰው። እጁ ትልቅ ነው፣ ራሱም ትልቅ ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ካቴድራሉ ላይ ከፍ ብሎ እንዲቆም ስለነበር ነው የሚሉ አሉ። በጎን በኩል ዞረው አንገቱን ይዩት፤ የደም ሥሩ ተወጥሯል። ከፊት ለፊት የተረጋጋ ይመስላል፤ በጎን ሲያዩት ግን ፈርቷል። ቅጂው ላይ ዞረው ይሄን ለማየት ቢሞክሩ የሰው ጃንጥላ ዓይንዎን ይወጋዎታል።

አንድ ሙዚየም ብቻ ነው የምንከፍለው ካላችሁ ግን ኡፊዚን ነው የምመርጠው። እዚህ ላይ «ሞኝነት ነው» ያለው ወገን ያሸነፈ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከሮም ደርሶ መልስ ልሄድ ነው። ፍሎረንስ ላይ የሚኖረኝ ስድስት ሰዓት ነው። ሻንጣም ይዣለሁ። ይቅርብኝ?

መልስ፦ አይቅርብህ። ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ቀደም ብለህ ከገዛህ ዋጋው በጣም ይለያያል። ዘገምተኛው ባቡር ርካሽ ነው ግን ሦስት ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ስድስት ሰዓትህን እሱ ይበላዋል። የወረቀት ትኬት የምትገዛ ከሆነ የዘገምተኛውን ከመሳፈርህ በፊት መድረኩ አካባቢ ያለችው ማሽን ላይ አስመታው፤ ካላስመታህ ቅጣት አለ። መውረጃህ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው፤ ሌላ የፍሎረንስ ጣቢያ ላይ የሚያወርድ ባቡር እንዳትይዝ። ሻንጣ ማስቀመጫ ጣቢያው ውስጥ አለ።

ሙዚየም አትግባ። ከጣቢያው ወደ ዱዎሞ፣ ከዱዎሞ ወደ ሲኞሪያ፣ ከዚያ ፖንቴ ቬኪዮ። ድልድዩ በ1345 የተሠራ ነው። ሱቆቹ ድሮ የሥጋ ቤቶች ነበሩ፤ በ1593 ገዢው ሽታው ሰልችቶት ሥጋ ሻጮቹን አስወጥቶ ወርቅ ሠሪዎችን አስገባ፤ እስከ ዛሬ ወርቅ ነው የሚሸጠው። በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ የከተማውን ድልድዮች ሲያፈርሱ ይሄን ብቻ ተዉት። ተሻገር። ወንዙ ማዶ ኦልትራርኖ ይባላል፤ እዚያ ጸጥ ይላል፣ ምሳህን ብላ። በእግርህ ወደ ሳን ሚኒያቶ ውጣ፤ ከፒያሳሌው በላይ ያለች በ1018 የተጀመረች አረንጓዴና ነጭ እብነ በረድ የለበሰች ቤተ ክርስቲያን ናት። ውረድ፣ ሻንጣህን ያዝ፣ ሂድ። ዱዎሞ አካባቢ መሬት ላይ የተዘረጉ የፖስተር ሥዕሎች ታገኛለህ። እንዳትረግጣቸው፤ ከረገጥክ ክርክሩ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብሃል።

ጥያቄ፦ ከተማው ውስጥ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝ ነገር አለ? ሮም ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ስለ ፍሎረንስ ግን የነገረኝ የለም።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሦስት ቦታ አለ፤ ሦስቱንም በግማሽ ቀን ማየት ይቻላል።

ጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዋ ናት። በ1439 የምሥራቅንና የምዕራብን አብያተ ክርስቲያናት ለማስታረቅ የተጠራው ጉባኤ ወደ ፍሎረንስ መጣ፤ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ 4ኛ ይቀመጡ የነበረው በዚሁ ገዳም ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደዚህ ጉባኤ ደረሱ፤ ጊዜው የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። መነኮሳቱን የላኳቸው ግን ንጉሡ ሳይሆኑ የኢየሩሳሌሙ ገዳም አበምኔት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በስተግራ ግድግዳ ላይ የማዛቾ «ቅድስት ሥላሴ» አለ፤ ከዚያ ዐሥራ ምናምን ዓመት ቀድሞ የተሣለ። ግድግዳው ተበስቶ ከጀርባው ሌላ ክፍል ያለ ይመስላል። እነዚያ አባቶች አይተውት ከሆነ ምን አሉ ይሆን? እኔ እዚያ ስቆም የማስበው ይሄን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመጥምቁ ቤት የምሥራቅ በር ነው፤ «የገነት በሮች» የሚባለው። ጊቤርቲ ከ1425 እስከ 1452፣ ሃያ ሰባት ዓመት ደከመበት። አሥር ሰሌዳ አለው። በስተቀኝ የመጨረሻዋን፣ ታችኛዋን እዩ፤ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞን ፊት ቆማለች፣ ዙሪያቸውን ሕዝቡ ሞልቷል። ይሄን ምሥል ከሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ዕርቅ ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንት አሉ። ቅጂው ውጪ በር ላይ፣ ዋናው ሙዚየሙ ውስጥ ነው። ውጪ ያለው ፊት ሁሌ የሰው ጀርባ አለ፤ ግን አብዛኛው ሰው የሚያየው የላይኞቹን ነው፣ ታች ማን ይጎነበሳል።

ሦስተኛው ኡፊዚ ውስጥ ነው። ረጅሙ ኮሪደር ላይ ሁሉም ሰው ሐውልቶቹን ያያል። ቀና በሉ። ጣሪያው ሥር የነገሥታትና የመኳንንት ፊቶች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ። ፓኦሎ ጆቪዮ የሚባል ጳጳስና ታሪክ ጸሐፊ ኮሞ ሐይቅ ዳር ያከማቻቸው የታላላቅ ሰዎች ሥዕሎች ነበሩ፤ ገዢው ኮዚሞ፣ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሚባል ሠዓሊ ልኮ አስገለበጣቸው። ከተገለበጡት አንዱ አፄ ልብነ ድንግል ናቸው። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላያቸውም፤ ሥዕል አይቶ ነው የሣለው። ፊቶቹ ብዙ ስለሆኑ በራስዎ ፈልጎ ማግኘት አንገት ያሳምማል፤ ጥበቃዎቹን ይጠይቁ፣ ስሙን ጽፈው ቢያሳዩአቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በጾም ነው። ጣሊያን አገር ያለ ቺዝና ያለ ሥጋ ምን ይበላል? ቡናውስ?

መልስ፦ ቱስካኒ ለጿሚ ምቹ ነው። ዳቦ፣ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ ጎመንና የወይራ ዘይት ነው ምግባቸው። «ፓፓ አል ፖሞዶሮ» ደረቅ ዳቦ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ተፍተፍ ብሎ ነው። «ሪቦሊታ» ደግሞ ቦሎቄና ጥቁር ጎመን በዳቦ የወፈረ ሾርባ ነው። ሁለቱንም ስታዙ «ሴንዛ ፎርማጆ» በሉ፤ ያለ ቺዝ ማለት ነው። ሾርባው በሥጋ መረቅ እንዳልሆነም ጠይቁ። ዳቧቸው ጨው የለውም። ረስተውት አይደለም፣ እንደዚያ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ ቀን ይገርማችኋል፣ ሁለተኛ ቀን ትለምዱታላችሁ፤ እኔ አልለመድኩትም።

ለማይጾሙት፦ የፍሎረንስ ስቴክ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የኪሎ ነው፣ የሳህን አይደለም። ውስጡ ቀይ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው አይደነግጥም። ጨጓራ ለሚወድ ደግሞ መንገድ ዳር ጋሪ ላይ የሚሸጥ «ላምፕሬዶቶ» አለ፤ የላም አራተኛ ጨጓራ ተቀቅሎ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ሂሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ካያችሁ የመቀመጫ ክፍያ ነው፤ ማጭበርበር አይደለም።

ቡና ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ማኪያቶ ካዘዛችሁ የሚመጣው ጠብታ ወተት የነካው አንዲት ጉንጭ ቡና ነው። «ላቴ» ካላችሁ ደግሞ ወተት ብቻ በብርጭቆ ይመጣላችኋል። በወተት በዛ ያለውን የምትፈልጉ ካፑቺኖ በሉ። ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ባንኮኒ ስል፣ ጣሊያንኛ የማታውቁ እየመሰላችሁ ብዙ ታውቃላችሁ። ትራም መቆሚያው «ፌርማታ» ነው፣ አደባባዩ «ፒያሳ»፣ መኪና ማጠቢያው «ላቫጆ»፣ ዳቦ መጋገሪያው «ፎርኖ»። እናቴ ይሄን ስነግራት «ታዲያ እነሱ ናቸዋ አማርኛ የሚያውቁት» አለችኝ።

ጥያቄ፦ መኪና ተከራይተን በቱስካኒ ዞረን ፍሎረንስ እንገባለን። ሆቴላችን መሐል ከተማ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። መሐል ከተማው ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል ነው፤ ምልክቱ ላይ ዜድ፣ ቲ፣ ኤል የሚሉ ፊደላት አሉ። ትራፊክ አያስቆማችሁም፤ ካሜራ ነው። ደስ ብሏችሁ ትመለሳላችሁ፣ ከወራት በኋላ ቅጣቱ በአከራዩ በኩል ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፤ ያለፋችሁበት ካሜራ ሦስት ከሆነ ሦስት ቅጣት። ሆቴሉ ታርጋችሁን ለማዘጋጃ ቤቱ ማስመዝገብ ይችል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። አለዚያ ዳር ላይ አቁማችሁ በትራም ግቡ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ሥዕል ሲያይ ያዛጋል። ከእሱ ጋር ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከኡፊዚ ጀርባ ወንዙ ዳር የጋሊሊዮ ሙዚየም አለ። ጋሊሊዮ ራሱ የሠራቸው ቴሌስኮፖች እዚያ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የጋሊሊዮ ጣት በመስታወት ውስጥ ተቀምጣለች። የምር ጣቱ ናት፤ በ1737 አጽሙ ወደ ሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ሲዛወር ነው የተወሰደችው። ልጅሽ ይሄን ካየ በኋላ ሳንታ ክሮቼ ሄዶ መቃብሩን ማየት ራሱ ይጠይቅሻል፤ እግረ መንገድሽን የማይክል አንጄሎንና የማኪያቬሊን መቃብር ታያለሽ። የዳንቴም አለ፣ ባዶ ነው፤ ሰውየው የተቀበረው ራቬና ነው። እሑድ ጠዋት ጸሎት ስላለ ለጎብኚ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ነው። በመንግሥት ሙዚየሞች ከ18 ዓመት በታች መግቢያ አይከፍልም፤ ስለዚህ ኡፊዚን ለግማሽ ሰዓት ብታስገቢውም ኪሳራ የለውም፤ የካራቫጆን ሜዱሳ ብቻ አሳይተሽው ውጪ።

ከዚያ ከፖንቴ ቬኪዮ ብዙም ሳይርቅ ያለው ገበያ ውስጥ የነሐስ ከርከሮ አለ፤ አፍንጫው በሰው እጅ ብዛት ያብለጨልጫል። አፉ ውስጥ ሳንቲም ታስቀምጫለሽ፣ ሳንቲሙ ተንሸራትቶ ከሥር ባለው ፍርግርግ ከገባ ዕድል ነው ይላሉ፣ አፍንጫውን ያሸ ደግሞ ወደ ፍሎረንስ ይመለሳል ይባላል። ሳንቲሙ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ስለዚህ ዘርዝረሽ ያዢ።